ኢ-ፔፐር ታብሌት ስትገዙ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

ኢ-ፔፐር ታብሌት፣ ማለትም ስክሪኑ እንደ ወረቀት የሚታይ የማንበቢያና የመጻፊያ ታብሌት፣ አገር ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ሻንጣ ነው። ካልተስማማችሁ መልሳችሁ አትቀይሩትም። እኔም የመጀመሪያዬን ያስመጣሁት እንደዚያው ነበር፤ ባለ 6 ኢንች፣ ቀላል፣ ኪስ የምትገባ። በሳምንቱ ተቆጨሁ።

ስህተቴ ምን እንደማነብ ሳላስብ መግዛቴ ነው። ያሉኝ የአማርኛ መጻሕፍት ባብዛኛው ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው። ስካን ደግሞ ፎቶ ነው፤ ፊደሉን ብቻ አተልቁልኝ ብትሉት አይሰማም። ገጹን ስታጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መስመር ግራ ቀኝ መጎተት ነው። ሳታጎሉ ላንብብ ካላችሁ ደግሞ የእኛ ፊደል አለ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለያት አንዲት ጭረት ናት፤ እሷም መሃል ላይ ትሁን ታች ላይ በደበዘዘ ስካን አይለይም። በግምት ማንበብ ጀመርኩ።

ትልቅ ቢሆንስ? ሪማርኬብል 2 የሚባለው ታብሌት ባለ 10.3 ኢንች ነው፣ በ2022 የወጣው ኪንድል ስክራይብ 10.2። ትልቅ ይመስላል እንጂ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ከሚሆነው ብዙም አይበልጥም። ለመጽሐፍ ይበቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍና ለቢሮ ሰነድ ግን ፊደሉ ይጠባል። ባለ 13.3 ኢንችም አለ፤ ዋጋው አይቀመስም።

ሁለተኛው ስህተት፣ እንደ አይፓድ መቁጠር ነው። በስክሪኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ። ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ኃይል አይፈልጉም፤ ባትሪው ሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ቪዲዮ ላይ የሚንቀራፈፈው ደግሞ ቅንጣቶቹ ቦታ እስኪቀይሩ ጊዜ ስለሚወስዱ ነው። ቡክስ የሚባለው ታብሌት በአንድሮይድ ስለሚሠራ ቴሌግራም ይጫንበታል፣ እውነት ነው። ግን ወደ ታች ስታወርዱ የቀደመው ጽሑፍ ጥላ ይቀራል፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል። ባለ ቀለሙም አያጓጓችሁ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ካሌይዶ 3 የሚባለው የቀለም ስክሪን ጥቁርና ነጩን በኢንች 300 ነጥብ ሲያሳይ ቀለሙን በ150 ነው።

መብራቱን ሳያዩ የሚገዙም አሉ። ሪማርኬብል 2 የራሱ መብራት የለውም። ቀን ፀሐይ ላይ ግሩም ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ሻማ ፍለጋ ነው። የ2022ቱ ኪንድል ስክራይብ መብራት አለው።

በእጅ የጻፍኩትን ወደ ታይፕ ይቀይርልኛል የምትሉ ደግሞ ቆይ! ይህ አገልግሎት በብዛት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ ማስታወሻችሁ እንደጻፋችሁት ሥዕል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለእኔ ችግር የለውም፣ ደብተርም ታይፕ አያደርግልኝም። ኢፐብ በሚባለው የመጽሐፍ ፋይል ላይም ዕቃው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ከሌለ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው ያለውን ሰው ፈልጉ። የራሳችሁን አንድ የአማርኛ ፋይል ላኩለትና ከፍቶ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

ሂሳቡንም ሙሉውን ደምሩ። ማቀፊያው፣ አንዳንዴም ብዕሩ ለብቻው ይሸጣል። የብዕሩ ጫፍ ያልቃል፤ መለዋወጫውን አብራችሁ አስመጡ።

ያቺ ባለ 6 ኢንቿ አሁን እህቴ ጋ ናት። የእንግሊዝኛ ልብወለድ ታነብባታለች፤ ማን ይንካት!