የሰዓታችሁን ቀን ከመቀየራችሁ በፊት ቆጣሪውን 6 ላይ አውርዱት

የእጅ ሰዓታችሁ ላይ ያለው ቀን ሲዛነፍ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን መዞሪያ ሳብ አድርጋችሁ ወዲያው አትቀይሩት። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳቧትና ቆጣሪዎቹን ወደፊት አዙሩ። ቀኑ ሲዘል ካያችሁ በኋላ ሰዓት ቆጣሪውን (አጭሩን) 6 ላይ አድርሱ። አሁን መዞሪያዋን ወደ መካከለኛው ቦታ መልሱና የትናንቱን ቀን አስገቡ። ከዚያ እንደገና ስባችሁ ቆጣሪዎቹን ወደፊት እያዞራችሁ ዛሬ ላይ ግቡ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ 12ን አንዴ ጨምራችሁ እለፉ።

ምክንያቱ? በአብዛኞቹ ሰዓቶች ቀኑ ሊቀየር ሲል፣ ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው የላይኛው ክፍል ሳለ፣ ውስጥ ያለች ጥርስ የቀኑን ቀለበት ይዛ እየገፋች ነው። ያኔ ቀኑን በግድ ካዞራችሁት ጥርሷ ልትሰበር ትችላለች።

ሰዓቱ የሚያየው ሰሌዳውን እንጂ ውጭ ያለውን ጨለማና ብርሃን አይደለም። ሰዓታችሁን በሐበሻ አቆጣጠር ከሞላችሁ ቀኑ የሚዘለው ጠዋት ወይም ማታ 12 አካባቢ ነው፤ ልክ ለብሰን ስንጣደፍ! ቀኑም በኛ አቆጣጠር ከሆነ 31 ስለሌለን በየወሩ መነካካቱ አይቀርም።

ዲጂታል ሰዓት ይህ አያሰጋውም። መዞሪያዋ መካከለኛ ቦታ ከሌላት ደግሞ ቀኑ ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው ቆጣሪውን በማዞር ነው፤ አትታገሏት።