የተቆራረጠ ማውዘር ገዝቶ ደህና የአደን ጠመንጃ ማድረግ

እዚህ ኮሎራዶ አደን የሚወጣው ሐበሻ እየበዛ ነው። በዚያው ልክ "የድሮ የጦር ጠመንጃ አግኝቻለሁ፣ ላሳምረው ወይ?" የሚለኝም በዝቷል። እንጀራዬ የወጥ ቤት ካቢኔ መሥራት ነው፤ ጠመንጃ የማታ ሥራዬ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ሌላ ሰው አስቀድሞ ነካክቶት ከሆነ፣ አሳምሩት። ካልተነካ እጃችሁን ሰብስቡ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ በየክፍሉ የተመቱት ቁጥሮች ሁሉ የሚገጥሙ፣ ካር 98 ኬ የሚባለውን የጀርመን ማውዘር ሰብሳቢዎች በውድ ይገዙታል። አንድ ቀዳዳ ስትበሱበት ዋጋው ይወርዳል፣ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው እየተሸጡ ነው። በላዩ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት ቤልጅግ እጃችሁ ከገባማ፣ ዘይት ቀቡትና እንዳለ አስቀምጡት። እሱን የሚሞርድ ሰው ጋር ቡና አልጠጣም።

የምንፈልገው ሌላውን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ብዙ ማውዘር ይዘው መጥተዋል። ከረጢታቸው ውስጥ እንዲገባላቸው እንጨቱን ከፊተኛው ቀለበት ሥር በመጋዝ የቆረጡ ነበሩ። ከዚያም በፈረንጆች እስከ 1968 ድረስ ትርፍ የጦር ጠመንጃ በፖስታ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። የገዛው ሰው ጋራዡ ገብቶ እንጨቱን አሳጠረ፣ የቦልቱን (ጥይት አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) እጀታ አጎበጠ፣ ለስኮፕ (ለማነጣጠሪያ መነጽር) ቀዳዳ በሳ። ዛሬ እነዚህ ጠመንጃዎች በየመሸጫው ጥግ ቆመው ፈላጊ የላቸውም። ብረታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ነው።

ስትገዙ በሻጩ ወረቀት አትመኑ። በአፈሙዙ ላይ የተጻፈውንም ቢሆን አትመኑ። ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። በጊዜው የ8 ሚሊሜትር ማውዘር ጥይት አሜሪካ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ብዙዎች ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል አስረዝመው 8 ሚሜ ዜሮ ስድስት የሚባለውን እንዲቀበል አድርገውታል። የመጀመሪያው ቀለህ 57 ሚሊሜትር ነው፤ የተቀየረው ወደ 63 ይጠጋል። ይህን የቀየረው ሰው ምልክት ላያደርግበት ይችላል። አጭሩን ጥይት በረጅሙ ክፍል መተኮስ ደግሞ በዓይን መቀለድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የክፍሉን ቅርጽ ውሰዱ። ሴሮሴፍ የሚባል በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት አለ፤ ከ70 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ይቀልጣል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡና ቦልቱን አውጡ። ክፍሉን ከዘይት አጽዱ። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ እሰሩት። ከክፍሉ ትንሽ ወረድ ብሎ አፈሙዙን በጨርቅ ድፈኑና የቀለጠውን አፍስሱ። ሲበርድ መጀመሪያ ይኮማተራል፤ ያኔ ከኋላ በቀጭን ዘንግ ሳይሆን ከአፈሙዙ በኩል ገፋ ስታደርጉት ይወጣል። ከተፈሰሰ አንድ ሰዓት ሲሞላው ልክ የክፍሉን መጠን ይይዛል። በካሊፐር የምትለኩት ያኔ ነው፤ ብዙ ከቆየ መልሶ ያብጣል።

ከዚህ በኋላ ጋንስሚዝ (የጠመንጃ ባለሙያ) ጋር ውሰዱት። ቦልቱ ሲዘጋ የሚቀረውን ክፍተት "ጎ" እና "ኖ ጎ" በሚባሉ መለኪያዎች ይፈትሽላችኋል። በመጀመሪያው መዘጋት አለበት፣ በሁለተኛው መዘጋት የለበትም። የቀድሞው ሰው የስኮፕ ቀዳዳ አጣሞ በስቶ ከሆነም እሱ ያየዋል። የቦልቱን እጀታ ራሳችሁ በእሳት አታጉብጡ። ሙቀቱ ወደሚቆልፈው ጥርስ ከደረሰ ብረቱ ይለሰልሳል። ምላጩንም በሞረድ አትንኩት፤ ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ተሠርቶ የሚሸጥ ምላጭ ግዙ። የማውዘር የመጀመሪያው የደህንነት መቆለፊያ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከስኮፕ ጋር ይጋጫል፤ ለሱም በጎን የሚሠራ መተኪያ አለ። አፈሙዝ ማሳጠር ካማራችሁ ሕጉ ከ16 ኢንች በታች እንደማይፈቅድ አስታውሱ። እኔ ግን ከ22 በታች አላወርድም፤ ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል።

አሁን ወደ እንጨቱ። ደስታው ያለው እዚህ ነው።

በ50ዎቹና በ60ዎቹ የተሠራ ሰደፍ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽና ነጭ ፕላስቲክ መስመር አለበት። ነጩን መስመር መጀመሪያ አንሱልኝ። ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት አትታገሉት፤ ማስለቀቂያ ቀቡትና በፕላስቲክ መፋቂያ ሲፋቅ ይነሳል። ከዚያ የተጎዳጎዱ ቦታዎችን በእንፋሎት አውጡ። እርጥብ ጨርቅ ጉድጓዱ ላይ ጣል አድርጉ፣ የጋለ ካውያ ጫፉን አሳርፉበት። ትሽ ይላል፤ የተጨፈለቀው እንጨት ውኃ ጠጥቶ ቀስ እያለ ያብጣል። ጨርቁ ሳይደርቅ አንሱት። ጥልቅ ከሆነ ድገሙት። የተጨፈለቀ እንጂ የተፋቀ እንጨት በዚህ አይመለስም።

ከዚያ ሞረድ። የፊት እጀታውን አቅጥኑት፣ ጉንጭ የሚያርፍበትን እብጠት ቀንሱት፣ ከጎን ሲታይ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሰበር ይሂድ። ብረቱን የሚነካው ጠርዝ ጋ ስትደርሱ ግን ቁሙ። እንጨቱ ከብረቱ በጸጉር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር፤ ዝቅ ካለ መመለሻ የለውም። በመጋዝ የተቆረጠው የፊት ጫፍ ላይ የሌላ እንጨት ቁራጭ መቀጠል ያምራል። ፈረንጆቹ ዞጲ ወይም ቀንድ ይወዳሉ። እኔ ከአገር ቤት የመጣ የወይራ ቁራጭ ነው የምቀጥለው፤ ከሰደፉ ዋልነት እንጨት አጠገብ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ወይራ ዘይታም ስለሆነ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ከመቀባታችሁ በፊት ፊቱን በአሴቶን ጥረጉት፣ አለዚያ አይዝም።

ጠመንጃው እንዲመታ የሚያደርገው ግን የማይታየው ቦታ ነው። ከሪሲቨሩ (ቦልቱ የሚመላለስበት የብረት አካል) ሥር ያለው የተኩስ ግፊት የሚቀበል ጉብታ ከእንጨቱ ጋር ጥብቅ ብሎ መግጠም አለበት። በአሮጌ ሰደፍ ውስጥ ዘይት የጠጣና የላሸቀ እንጨት ስለሚኖር፣ እሱን ፍቃችሁ በኢፖክሲ ትሞሉታላችሁ። ብረቱን በሙሉ፣ ቪቴዎቹንም ጭምር፣ በማላቀቂያ ቅባት ወይም በሰም ቀቡ። ቀዳዳዎቹን በሕፃናት መጫወቻ ጭቃ ድፈኑ። ይህን የዘለለ ሰው ጠመንጃና ሰደፍ ለዘላለም አጋብቷል። ሲደርቅ፣ ከአፈሙዙና ከእንጨቱ መካከል የተጣጠፈ የዶላር ኖት ያለ ችግር ማለፍ አለበት።

ማለስለሱን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩና በ320 ጨርሱ። በመሃል እርጥብ ጨርቅ አሳልፉበት፤ ጸጉሩ ይነሳል፣ ሲደርቅ በቀላሉ ትመልሱታላችሁ። ከዚያ የተልባ ዘይት፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ፣ በመዳፍ እያሻችሁ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በ400 ቁጥር ወረቀት ከዘይቱ ጋር እሹት፤ የሚወጣው ጭቃ የእንጨቱን ቀዳዳ ይሞላል። በየዙሩ መካከል በደንብ ይድረቅ። ችኩል ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያጣብቀው። ዘይት የነካ ጨርቅ ደግሞ ጨምድዳችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የብረቱን ቀለም ብዙ አላወራም። በአሲድ ቀስ ብሎ ዝገት አስይዞ፣ በውኃ ቀቅሎ፣ በቀጭን የብረት ሱፍ እየጠረጉ መደጋገም ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ጥቁሩም ጥልቅ ነው። ብረቱን ግን ከመጠን በላይ አትፍጉ። የማውዘር ሪሲቨር የጠነከረው ላዩ ነው፤ ቆዳው ከተገፈፈ ጥንካሬውም ይሄዳል።

ለሙከራ መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ፣ ከዚያ 100 ያርድ ላይ ተኩሱ። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው የ8 ሚሜ ማውዘር ጥይት አብዛኛው ሆን ተብሎ ለስለስ ተደርጎ የተሞላ ነው፤ ጠባብ አፈሙዝ ያላቸው አሮጌ ጠመንጃዎች ስላሉ። ለአጋዘን ይበቃል። አደን ከመውጣታችሁ በፊት የአዳኝነት ትምህርት ካርዳችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ በፈረንጆች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ ለተወለደ ኮሎራዶ አብዛኛውን ጊዜ ያለሱ ፈቃድ አትሸጥም።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን እዚያ አትሞክሩት፤ በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያ መያዝም መጠገንም ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።

ከመጀመሪያው የተኩስ ቀን በኋላ ሁለቱን የሰደፍ ቪቴዎች ደግማችሁ አጥብቁ። በተኩሱ ግፊት ሊላሉ ይችላሉ።