ባክቴሪያ ለባክቴሪያ ጂን ሲያቀብል በዓይን ለማየት

ተማሪዎቼን ይህን ሙከራ ሳሠራ ከስያሜ እጀምራለሁ፦ ሰጪና ተቀባይ። ሁለቱም በሽታ የማያመጡ የኢ. ኮላይ (አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ) ዝርያዎች ይሁኑ። ሰጪው ቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ጂን በፕላስሚድ (ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊሻገር በሚችል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ይዟል፤ ተቀባዩ ሌላውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ናሊዲክሲክ አሲድን፣ የሚቋቋመው በራሱ ክሮሞሶም (በዋናው ዲኤንኤ) ነው።

ማታ ለየብቻ አሳድጓቸው። ጠዋት በአንድ ቱቦ ቀላቅላችሁ 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ተዉት። እንዳትነቀንቁት! እኔ መጀመሪያ እንደ እርጎ ንጬው አንድም ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) አላገኘሁም፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ፒለስ (ከሰጪው የሚወጣ ፀጉር መሰል ክር) እጅግ ቀጭን ስለሆነ ይበጠሳል። ከዚያ ሁለቱም መድኃኒት ባለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሰል ነገር) ላይ ቀቡት። ሰጪውንና ተቀባዩንም ለየብቻ እዚያው ዓይነት አጋር ላይ ቀቡ፤ ይህን ከዘለላችሁ ውጤታችሁን አልቀበልም። በማግስቱ ኮሎኒ በድብልቁ ሳህን ላይ ብቻ ከወጣ ጂኑ ተሻግሯል።

ምግብ ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ በአብሽ ቡቃያ የተዛመተው የኢ. ኮላይ ዝርያ ከ50 በላይ ሰው ገድሏል። አዎ፣ የኛው አብሽ። የሚያመነጨውን መርዝ ጂን ያመጣለት ግን ፕላስሚድ ሳይሆን ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነበር።

ሳህኖቹን ከመጣላችሁ በፊት በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከን) አድርጓቸው።