ለጎረምሳ ልጃችሁ ትልቅ በቀቀን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስልክ ነው። ማካው የሚባለው ትልቅ በቀቀን በሙዚቃ ሲወዛወዝ፣ ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ከባለቤቱ ጋር ሲያወራ ይታያል። ልጁ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ልደቱም ደርሷል። ውሻ ለአፓርታማ ስለማይመች ወላጅም «ወፍ ምን ችግር አለው?» ይላል።

የእኔ መልስ አጭር ነው። ትልቅ በቀቀን ለጎረምሳ ልጅ አይገዛም። ወላጅ ወፉን ለራሱ ከፈለገውና ልጁ ቢተወውም እስከ መጨረሻው የሚይዘው ከሆነ ብቻ ይታሰብበት።

ዕድሜውን አለማስላት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ግራጫው በቀቀን በጥሩ አያያዝ 40፣ 50 ዓመት ይኖራል። ከዚያም የሚያልፍ አለ። ማካውና ኮካቱ የሚባለው ሌላው ትልቅ በቀቀንም እንደዚያው ናቸው። ዛሬ 15 ዓመቱ የሆነ ልጅ፣ ወፉ ሲያረጅ እሱም የልጅ ልጅ ለማየት የደረሰ ሰው ይሆናል። በመሃል ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሥራ ፍለጋ አለ፣ ትዳር አለ፣ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት መቀያየር አለ። የተማሪ ዶርም ደግሞ ማካው አያስገባም። ልጁ በ18 ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ወፉ ማን ጋ ነው የሚቀረው? እናት ጋ። እሷ ግን ከመጀመሪያውም ወፍ አምጡልኝ አላለችም። አሜሪካ ውስጥ የተተዉ በቀቀኖችን የሚቀበሉ መጠለያዎች አሉ። «ልጃችን ኮሌጅ ገባ» የሚለው እዚያ የተለመደ ምክንያት ነው።

እንግሊዝና ዌልስ ጉዳዩን በሕግ አስረውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእንስሳት ደህንነት ሕግ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥን ይከለክላል። ልጁ ለያዘው እንስሳም ተጠያቂው አሳዳጊው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገርም ቢሆን ሸክሙ የሚያርፈው እናንተው ላይ ነው።

ጫጩቱን አይቶ ትልቁን መርሳት

ሱቅ ውስጥ የሚታየው ጫጩት ልብ ይሰርቃል። እቅፍ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱን እከኩኝ ይላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ለአቅመ አዳም ይደርስና ጠባዩ ይቀየራል። ከቤቱ ሰው አንዱን ይመርጥና ሌላውን ሊነክስ ይችላል። የሚመረጠው ደግሞ የግድ ልጁ አይደለም። ስንት ዓመት የለመነበት ወፍ አባቱን ወዶ እሱን ሲነክሰው ልጅ ልቡ ይሰበራል።

ንክሻው ቀልድ አይደለም። የማካው መንቁር ጠንካራ የለውዝ ቅርፊት የሚሰብር ነው። ጥሩነቱ፣ ወፉ ከመንከሱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። የዓይኑ ብሌን ቶሎ ቶሎ እየጠበበ ይሰፋል። የማጅራቱ ላባ ይቆማል። ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ያን ጊዜ እጅን ሳይቸኩሉ መመለስ ነው። ልጆች ግን ምልክቱን ሳያውቁ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ሲነከሱም ይጮሃሉ። ጩኸቱን ወፉ እንደ ጨዋታ ሊወስደው ይችላል።

ጀርባውንና ክንፉ ሥር መደባበስም ስህተት ነው። በወፉ ዓለም እንዲህ የሚነካካው የትዳር ጓደኛ ነው። ሆርሞኑ ይነሳበትና የበለጠ ቁጡ ይሆናል። ራሱንና አንገቱን ብቻ ማከክ በቂ ነው።

«ያወራል» ብሎ መግዛት

ሁሉም በቀቀን አያወራም። ሁሉም ግን ይጮሃል፤ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። የኮካቱ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ግድግዳው ስስ በሆነ አፓርታማ ይህ ማለት የጎረቤት አቤቱታ፣ ከዚያም የአከራይ ደብዳቤ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ብቸኝነቱ ነው። በቀቀን አእምሮ ያለው ፍጡር ነው። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች ተመራማሪ ያሠለጠነችው አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን ከ100 በላይ ቃላት ያውቅ ነበር። ቀለም ይለያል፣ ቅርጽ ይለያል፣ ጥቂት ነገሮችንም ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ። እንዲህ ያለ ፍጡር ልጁ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ስፖርት፣ ከዚያ የቤት ሥራ ላይ እያለ ቀኑን ሙሉ ብረት ቤቱ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ብዙዎቹ የራሳቸውን ላባ መንቀል ይጀምራሉ። ደረቱ ተመልጦ ቆዳው የወጣ ወፍ ማየት ያማል። ልማዱ ከያዘው በኋላ ማስተው ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

ወጥ ቤቱን አለማሰብ

እዚህ ላይ ልቆይ፣ የእኛን ቤት በቀጥታ ስለሚነካ። የወፍ የመተንፈሻ አካል ከእኛ በጣም የተለየ ነው። ከሳንባው ሌላ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ አየር ውስጥ ያለውን መርዝም ቶሎ ይስበዋል። ድሮ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ ወፍ ይዘው የሚወርዱት ለዚህ ነበር።

የማያጣብቀው መጥበሻ፣ ቴፍሎን የተቀባው፣ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል ለእኛ የማይታወቅ ጋዝ ያወጣል። ወፉን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል፤ ሌላ ክፍል ቢሆንም እንኳ። አሁን የእሁድ ቡናችንን አስቡት። ቡናው እየተቆላ ጭሱ ለሰው ሁሉ ይዞራል። ከሰሉ ላይ ዕጣን ይደረጋል። መስኮቱ በብርድ ምክንያት ዝግ ነው። በቀቀኑም ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ለወፍ ሳንባ ጠንቅ ነው፤ በፋብሪካ የሚሠራው የቤት ሽቶም እንደዚያው። ቡናና ዕጣኑን ለ40 ዓመት በረንዳ ላይ ለማውጣት ዝግጁ ያልሆነ ቤት ይህን ወፍ ባያስገባ እመርጣለሁ።

ምግብም አለ። አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው። ቸኮሌትም፣ ቡናም፣ አልኮልም እንዲሁ። ልጅ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ለሚወደው እንስሳ ማቅመስ ይወዳል። የሱፍ አበባ ፍሬ ብቻ መመገብም የቆየ ስህተት ነው። ስብ ይበዛዋል፣ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ይጎድለዋል። ለበቀቀን ተብሎ የተዘጋጀ መኖ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች ይሻላል።

ሲታመም እናየዋለን ማለት

ወፍ ሕመሙን ይደብቃል። ዱር ውስጥ ደካማ መምሰል መበላት ነው። ላባውን ነፍቶ ብረት ቤቱ ወለል ላይ ሲቀመጥ ካያችሁት አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ። በግራም የሚለካ ሚዛን ገዝታችሁ አዘውትራችሁ መዝኑት፤ ክብደት መቀነስ ቀድሞ ይናገራል። የወፍ ሐኪም በየሰፈሩ አይገኝም፣ ርካሽም አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ፈልጉ።

ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ

ግራጫው በቀቀን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ወፍ ነው። ከዱር እየተያዘ ሲሸጥ ኖሮ ቁጥሩ በመመናመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ በተካሄደው ጉባኤ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ጥብቅ መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ክልክል ነው። ሰው ቤት የተፈለፈለውም ድንበር ሲሻገር ወረቀት ይፈልጋል። ከገልፍ ወደ ካናዳ ወይም አውሮፓ ለመዛወር የምታስቡ ቤተሰቦች ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የዱሩን ለዱሩ ተዉለት። ፊቱ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም።

ልጃችሁ የምር ወፍ የሚወድ ከሆነ አትንፈጉት። አቅራቢያችሁ የበቀቀን መጠለያ ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ ያግዝ። ኩስ ይጥረግ፣ ምግብ ያዘጋጅ፣ ጩኸቱን ይስማ። ወራት ቆይቶም ፍላጎቱ ካልበረደ ኮካቲል ወይም ጥንድ በጀሪጋር በሚባሉት ትናንሽ በቀቀኖች ይጀምር። ኮካቲል 15፣ 20 ዓመት ይኖራል፤ በጀሪጋር ከዚያ ያነሰ። ድምፃቸው ቤት የሚችለው ነው፣ ንክሻቸውም እንደ ትልቆቹ ጣት አይጎዳም። የቴፍሎኑና የአቮካዶው ክልከላ ግን ለእነሱም ያው ነው።