የእማዬን የጤና መድን ደብተር ይዤ፦ የውፍረት መድኃኒት እንዴት ይጠየቃል?

እማዬ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች ቀበሌ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ወፈር ብለሻል፣ ተስማምቶሻል» ይላታል። በእኛ አገር ይህ ምርቃት ነው። እኔ ግን ስኳሯና ግፊቷ ሲወጣ ያየሁ ልጇ ነኝና ያስፈራኛል። ሁለት ዓመት ደብተሯን ይዤ ተመላልሻለሁ። ያወቅሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ልኩን አስመዝግቡ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ክብደትና ቁመት ተለክቶ ካርዱ ላይ ይጻፍ። እማዬ 86 ኪሎ ናት፣ ቁመቷ 1.58 ሜትር። 86ን ለ1.58 አካፍሉ፤ የመጣውን እንደገና ለ1.58። 34.4 ይሆናል፤ ክብደት ከቁመት ጋር ተሰልቶ የሚመጣው ይህ ልክ ቢ.ኤም.አይ (BMI) ይባላል። 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሕክምና ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ይህ ቁጥር ካልተጻፈ፣ በኋላ ለምትጠይቁት ነገር ማስረጃ የላችሁም።

ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ገብሱ ተወቅቶ እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር መዋጮውን ክፈሉ። ስትታመሙም ጤና ጣቢያን ዘላችሁ ሆስፒታል አትሂዱ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ከሄዳችሁ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ትግሉ ያለው መድኃኒቱ ላይ ነው። አንድ ቀን የስኳር መድኃኒቷን፣ ሜትፎርሚንን፣ ልንወስድ ተሰልፈን መስኮቱ ጋ ስንደርስ «አልቋል» ተባልን። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሁለት መቶ ብር ቋጥራ ነበር፣ ለዘይት ያሰበቻት። ከውጭ ገዝተን ገባን። ወረቀት ሳልይዝ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ እንዲጻፍና ማኅተም እንዲያርፍበት እጠይቃለሁ። የገዛሁበትን ደረሰኝ አያይዤ ወረዳው የጤና መድን ክፍል እሄዳለሁ፤ ውል የገቡበት ፋርማሲ ካለም እጠይቃለሁ። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ።

ክብደት የሚቀንሰውስ መድኃኒት? ሰው ኦዘምፒክ የሚለው ሴማግሉታይድ ነው፤ በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል። የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ስኳርንም ያወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ያስገባው ግን ለወፈረ ሰው ሁሉ አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ይዞት፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለታመመና ውፍረት ላለበት ነው። እኔም ጥያቄዬን እዚያው ላይ አቆማለሁ። የመድኑ ገንዘብ የገበሬ መዋጮ ነው፤ ላማረው ሁሉ መርፌ ከተገዛበት ለወላድና ለሕፃን አይተርፍም። እማዬ ግን ኩላሊቷ መድከም መጀመሩ በምርመራ ታይቷል። ለእሷ ዓይነቱ ታማሚ ሊከለከል አይገባም። ሕንድ ውስጥ የመድኃኒቱ ፓተንት፣ ማለትም ሌላ ፋብሪካ እንዳያመርተው የሚከለክለው መብት፣ ማብቂያው 2018 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌሎች ፋብሪካዎች በርካሽ የሚያመርቱበት በር ክፍት ነው። የመጠየቂያው ጊዜ አሁን ነው።

እስከዚያ ግን ከሻንጣ ነጋዴ አትግዙ። መርፌው ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ ነው፤ በምን እንደመጣ አታውቁም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁም አይወሰድም።

ጥያቄውን ቀበሌ ላይ መዋጮ ሲሰበሰብ በሚጠራው ስብሰባ አንሱት፣ በጽሑፍም ለወረዳው አስገቡ። «ለውፍረት መድኃኒት ይሰጠን» ብቻ ካላችሁ «ምግብ ቀንሱ» ተብላችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔ እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት፦ «እናቴ ስኳርና የኩላሊት ሕመም አለባት፤ ክብደቷ ከቁመቷ ጋር ሲሰላ ልኳ (BMI) 34.4 ነው። ሐኪም ካዘዘላት ሴማግሉታይድ በመድኑ እንዲሸፈን፣ ጥያቄውም በጉባኤው ቀርቦ ወደ ዞንና ክልል እንዲተላለፍ እጠይቃለሁ።» የካርዷን ኮፒ አያይዣለሁ።

ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቀኑንና ቁጥሩን ግልባጩ ላይ ይጻፍላችሁ። የእኔው ግልባጭ እማዬ ደብተር ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከእሷ ጋር የሚሄዱ ሦስት የሰፈሯ እናቶች አሉ፤ ሁሉም ተለክተዋል።