ማመሳከሪያ ዲስትሮ፦ ለምን ያስፈልጋል፣ እንዴትስ ይዘጋጃል

አንድ ፕሮግራም በአንዱ ዲስትሮ (ከርነልንና ሌሎች ፕሮግራሞችን አጣምሮ ለመጫን በተዘጋጀ ስርዓተ ክወና) ሠርቶ በሌላው ሲወድቅ ጥፋቱ የማን ነው? የከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት)፣ የላይብረሪው (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ወይስ የዲስትሮው አዘጋጆች የጨመሩት ለውጥ? የኦፕን ሶርስ ስርዓተ ክወና ፕሮጀክት «ችግሩን እዚህ ላይ አሳዩን» የሚለው የራሱ ዲስትሮ፣ ማለትም ማመሳከሪያ፣ ከሌለው ጥያቄው ባለቤት አያገኝም።

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሶላሪስ የተባለውን ስርዓተ ክወናውን ኮድ ሲከፍት ሺሊክስ፣ ቤሌኒክስና ኔክሰንታ የተባሉ ዲስትሮዎች ተከታትለው መጡ። ኔክሰንታ የዴቢያን ሊኑክስን የፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል) አሠራር ይዞ ነበር፤ ሌሎቹም የየራሳቸው መንገድ ነበራቸው። በ2007 የዴቢያን መሥራች ኢያን መርዶክ ሰን ገብቶ የሰንን የራሱን ዲስትሮ የሚያዘጋጀውን ፕሮጀክት ኢንዲያናን መራ፤ ውጤቱም ኦፕንሶላሪስ 2008.05 ሆኖ ወጣ። ደንብን በወረቀት ማስፈር ብቻውን ማመሳከሪያ ዲስትሮን አይተካም። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የተባለው የጋራ ደንብ የሊኑክስ ዲስትሮዎች የሚያሟሏቸውን ላይብረሪዎች በዝርዝር ቢያስቀምጥም፣ ዴቢያን በ2015 ደንቡን የማሟላት ጥረቱን ትቶታል።

ማመሳከሪያ ለማዘጋጀት ከድንበሩ ጀምሩ። ከርነል፣ ቡት ሎደር (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከርነሉን የሚያስነሳው)፣ መሠረታዊ ላይብረሪዎችና ትዕዛዞች፣ ኢንስቶለር፣ ፓኬጅ ማኔጀር፣ ኔትወርክና ኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው)፣ እንዲሁም ሲስተሙን መልሶ ለመገንባት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች ይግቡ። ዴስክቶፑ በተጨማሪ ፓኬጅነት ይቅር፤ እሱን ማሳመር ከርነሉን የመፈተኛ ጊዜ ይበላል። ከውጭ በመጡ ላይብረሪዎች ላይ የራሳችሁን ማስተካከያ አታብዙ። የግድ ከሆነ ምክንያቱን ከማስተካከያው ጋር ጻፉ፣ ለዋናዎቹ አዘጋጆችም ላኩ።

ዋናው ፈተና ዲስትሮው ራሱን በራሱ መገንባቱ፣ ማለትም ከምንጭ ኮዱ የሚሠሩትን ፋይሎች ማዘጋጀቱ ነው። ከአይኤስኦ ፋይሉ (ከመጫኛ ዲስኩ ቅጂ) አዲስ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ ጫኑት፤ 4 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና 60 ጊጋባይት ዲስክ ጥሩ መነሻ ነው። ኮዱንና በዝርዝር የተመዘገቡትን ፓኬጆች ካወረዳችሁ በኋላ ኔትወርኩን ቁረጡና ገንቡ። ግንባታው መሃል ላይ ከኢንተርኔት ፋይል ፈልጎ ከወደቀ በዝርዝሩ ያልተመዘገበ ጥገኝነት አለ። ካለቀ ውጤቱን ጫኑ፣ ሪቡት አድርጉ፣ በአዲሱ ሲስተም ላይም ያንኑ ኮድ ደግማችሁ ገንቡ። ከዚያ የሁለቱን ግንባታዎች ፋይሎች በኤስኤችኤ-256 (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ አሻራ) አነጻጽሩ።

ልዩነት ከታየ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፋይሉ ውስጥ የገባ የግንባታ ሰዓት፣ የግንባታው ፎልደር ስም ወይም ፋይሎች የተነበቡበት ቅደም ተከተል ነው። ሰዓቱን በመጨረሻው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ሰዓት ተኩት፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፎልደር ተጠቀሙ፣ የፋይሎቹን ዝርዝርም በፊደል ተራ አስደርድሩ። ልዩነቱ ካልጠፋ የኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠውን ፕሮግራም) ቨርዥን ተመልከቱ። ከኦፕንሶላሪስ ኮድ የተነሳው የኢሉሞስ ፕሮጀክት ከርነል ለምሳሌ የራሱ ማስተካከያዎች ባሉት ጂሲሲ በተባለ ኮምፓይለር ነው የሚገነባው፤ እንዲህ ያለው ኮምፓይለር በማመሳከሪያው ውስጥ ተፈትኖ መገኘት አለበት።

ምንጩ ያልተከፈተ ክፍል ከገባበት ደግሞ ማመሳከሪያው ሁልጊዜ የሌላ ጥገኛ ነው። ኦፕንሶላሪስ የሲ ላይብረሪውን የቋንቋና የአገር ልማድ ክፍል የሚያቀርበው በባይነሪ (ምንጭ ኮዱ በሌለበት የማሽን ፋይል) ብቻ ነበር። ኦራክል ሰንን ከገዛ በኋላ በ2010 የተነሳው ኢሉሞስ ይህን ክፍል በሌላ ኮድ መተካት ግድ ሆኖበታል። የእያንዳንዱን ፋይል ምንጭና ፈቃድ መዝግቡ፤ ምንጭ የሌለው ፋይል ሲገኝ ግንባታው እንዲቆም አድርጉ።

ለዲስትሮው ከፕሮጀክቱ የተለየ ስም ስጡት። ሰን ለኢንዲያና ኦፕንሶላሪስ የሚለውን ስም ሲሰጥ፣ የሌሎች ዲስትሮዎች ሰዎች ከጋራው ስም እንደተገፉ ተሰምቷቸው ከባድ ጭቅጭቅ ተነሳ። «ተስማሚ» ለመባል የትኞቹን ፈተናዎች ማለፍ እንደሚያስፈልግም አስቀድማችሁ ጻፉ።

የስህተት ሪፖርት ሲመጣ ችግሩን ምንም ባልተጨመረበት ማመሳከሪያ ላይ ድገሙት። እዚያም ከታየ የፕሮጀክቱ ነው፤ ካልታየ ወደ ዲስትሮው አዘጋጆች ይሂድ። ኢሉሞስ ዛሬም የራሱን ዲስትሮ ስለማያወጣ፣ በእሱ ላይ የምትሠሩ ቢያንስ በእሱ ላይ በተመሠረቱት ዲስትሮዎች በኦፕንኢንዲያናና በኦምኒኦኤስ ላይ ሞክሩ። ከአዲስ ልቀት በኋላ የዜድኤፍኤስ (የፋይል ሥርዓቱ) ፑሉን፣ ማለትም የዲስኮቹን ስብስብ፣ ለማሻሻል አትቸኩሉ፤ አዲሶቹ ባሕርያት ከበሩ በኋላ የቀድሞው ቨርዥን ፑሉን ላያነበው ስለሚችል ወደ ኋላ መመለሻው ይዘጋል።