አልነሳ ያለች የድሮ ቮልስ፦ የእሳት ችግር ሲፈለግ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በፑንቲና (የኤሌክትሪክ መስመሩን እየዘጋና እየከፈተ እሳት በሚያስነሳ ክፍል) የምትሠራ የድሮ ቮልስዋገን ሞተሪኖዋ (ማስነሻዋ) እያዞረ ሞተሯ አልነሳ ሲል፣ ብዙዎች እሳት (የካንዴላ ብልጭታ) መኖር አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ካርቡሬተር ወደ መፍታት ይሮጣሉ። መቅደም ያለበት ግን አንድ ካንዴላ ፈትቶ፣ ገመዱን መልሶ ሰክቶና ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝቶ፣ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያዞር ብልጭታውን ማየት ነው። ብልጭታው ሰማያዊና ደማቅ ከሆነ ችግሩን ሌላ ቦታ መፈለግ ይቻላል፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ጭራሹን ከሌለ ግን ፍለጋው እዚያው እሳቱ ላይ ይቀጥላል። ቤንዚን በፈሰሰበት ይህን መሞከር፣ ገመዱንም በባዶ እጅ መያዝ አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት ካንዴላውንም ቦቢናውንም (የባትሪውን ቮልቴጅ ለብልጭታ ከፍ የሚያደርገውን ጥቅልል) በአንድ ጊዜ ለውጦ ፑንቲናውን ሳያዩ ማለፍ ነው። ቦቢናው ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚሰጠው ፑንቲናው በተከፈተባት ቅጽበት በመሆኑ፣ ተረከዙ (የሚሽከረከረው ዘንግ የሚገፋው የፑንቲናው ክፍል) እያለቀ ክፍተቱ ሲጠብና ፑንቲናው መከፈት ሲያቆም እሳቱም አብሮ ይጠፋል። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ይገባል፤ የሚለካውም የዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘንግ ጉብታ ተረከዙን እስከ መጨረሻው በገፋበት ቦታ ብቻ ነው። ዘንጉ በቆመበት ቦታ ሁሉ የሚለካ ሰው፣ መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ቁጥር ያነባል። ለብዙ ጊዜ በቆመች መኪና ላይ ፑንቲናው ዝገት መሰል ሽፋን ስለሚይዝ በስስ ሞረድ ማጽዳት ይበጃል፤ የብርጭቆ ወረቀት ግን ብናኙን እዚያው ስለሚተው አይመከርም።

አዲስ ፑንቲና ቶሎ ከተቃጠለ ሌላ ፑንቲና ከመግዛት በፊት ኮንደንሰሩን (ፑንቲናው ሲከፈት ብልጭታ እንዳያቃጥለው የሚከላከለውን ክፍል) መጠርጠር ይገባል። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ከፍቶ መተውም ቦቢናውን ያግላል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ 6 ቮልት የነበሩ ሲሆን ብዙዎቹ በኋላ ወደ 12 ስለተቀየሩ፣ ቦቢና ሲገዛ ከሞዴሉ ዓመት ይልቅ መኪናዋ ላይ ያለውን ባትሪ ማመን ይሻላል።

የካንዴላ ገመዶችን አራቱንም ባንዴ መንቀል የተለመደ ጥፋት ነው። የሲሊንደሮቹ የእሳት ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ሲሆን፣ ሮተሩ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየዞረ እሳቱን ለየገመዱ የሚያደርሰው) የሚዞረው እንደ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ማላላት ግድ ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ በሚስማር ጭሮ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።